ከጭንቅላት ቀዶ ሕክምና በኋላ «ተኝቷል» ከማለታችሁ በፊት

ከቀዶ ሕክምና የወጣ ታካሚ ዝም ሲል «ማደንዘዣው ገና አልለቀቀውም» ማለት ይቀናል። ነቅቶ ሲያናግር የነበረ ሰው ተመልሶ ከፈዘዘ ግን በማደንዘዣ አታሳቡ። ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ ራስ ቅሉ ውስጥ ደም እየተጠራቀመ ነው ብላችሁ ተነሱ። የመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት በተለይ ያሰጋሉ።

ንቃቱን በግላስጎው ኮማ ስኬል (ዓይን መግለጥን፣ ንግግርንና እንቅስቃሴን በነጥብ በሚለካው መለኪያ) በየ15 ደቂቃው መለካት ጀምሩ፤ ሲረጋጋ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ቀጥሎ በየሰዓቱ። ድምሩን ብቻ አትጻፉ። ከ«11» ይልቅ «ዓይን 3፣ ንግግር 3፣ እንቅስቃሴ 5» ይበልጥ ይናገራል። ትከሻው ላይ ስትቆነጥጡት እጁን ወደ ቦታው ይሰድ የነበረ ሰው (5) አሁን ክንዱን አጥፎ ብቻ የሚሸሽ ከሆነ (4)፣ ያቺ አንድ ነጥብ ሐኪም ለመጥራት ትበቃለች። ተረኛ ሲቀያየር ሁለቱም አብረው ይለኩ፤ አለዚያ ለውጡ የታካሚው ይሁን የለኪው አይታወቅም።

የዓይን ብሌኖቹን ብርሃኑን ቀንሳችሁ በባትሪ እዩ። አንዱ ከሌላው ከ1 ሚሊሜትር በላይ አዲስ ከሰፋ አደጋ ነው። የደም ግፊት መጨመርና የልብ ምት መቀነስ ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ስለሆነ አትጠብቁት። ድሬኑ (ከቀዶ ሕክምናው ቦታ ደም የሚያወጣው ቱቦ) ባዶ መሆኑም አያጽናናችሁ፤ የረጋ ደም ዘግቶት ሊሆን ይችላል።

ለውጥ ካያችሁ ቀዶ ሐኪሙ እየተጠራ የአየር መንገዱን አረጋግጡ፣ ኦክስጅን ስጡ፣ የደም ስኳር ለኩ። ራስጌውን 30 ዲግሪ ከፍ አድርጉ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጉ። የመተንፈሻ ቱቦው ማሰሪያ አንገቱን አጥብቆ ከያዘ ከጭንቅላት የሚመለሰውን ደም ስለሚያግድ ፈታ አድርጉት። የሚቁነጠነጠውን ታካሚ በዲያዜፓም አታስተኙት፤ ምልክቱን ትሸፍኑታላችሁ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሞላ ፊኛ ወይም የኦክስጅን እጥረት ነው። በደም ሥር የሚሰጥ 5% ዴክስትሮስም (የስኳር ፈሳሽ) የአንጎሉን እብጠት ያባብሳል፤ ኖርማል ሳላይን (የጨው ፈሳሽ) ተጠቀሙ።

ማኒቶል (የራስ ቅል ውስጥ ግፊትን የሚቀንስ፣ ሽንትም የሚያበዛ መድኃኒት) ከታዘዘ፣ በኪሎ 0.5 ግራም ቢሆን ለ70 ኪሎ ሰው 35 ግራም ማለት ነው፤ ከ20% ማኒቶል 175 ሚሊሊትር፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ። ጠርሙሱ ውስጥ ክሪስታል ካለ አሙቁና አሟሙት፣ ወደ ሰውነት ሙቀት ሲበርድ ማጣሪያ ባለው መስመር ስጡ። የሽንት ካቴተር ይግባለት። የላይኛው የደም ግፊት ከ90 በታች ከሆነ አይሰጥም። ማኒቶል ጊዜ ይገዛል እንጂ ደም አያወጣም፤ ሲቲ ስካኑ በሱ ምክንያት አይዘግይ።

ወደ ሲቲ ሲሄድ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ በሚያስተነፍስ ከረጢት) ማስተንፈስ የሚችል ሰው አብሮ ይሂድ። ጠፍጣፋ የሚተኛው ማሽኑ ላይ ብቻ ነው፤ እንደወረደ ራስጌውን መልሱለት።