ለመኪና ጥገና የሚሆን ባለ ሁለት ቮልቴጅ የብየዳ ማሽን እንዴት ይመረጣል?

ድሬዳዋ ውስጥ አሮጌ ፔጆ በግቢው አቁሞ የዛገ ወለሉን በገዛ እጁ መጠገን የሚፈልግ ሰው ከማሽኑ በፊት የቤቱን መስመር ይመርምር። መኖሪያ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ባለ አንድ ፌዝ 220 ቮልት ነው። «220/380» የሚል ማሽን ላይ 380ው የሚያገለግለው ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ላለው ብቻ ነው፤ ለማይጠቀሙበት አይክፈሉ። «110/220» የሚል ከሆነ በመካከል ያለውን ቮልቴጅም ይቀበል እንደሆነ ይጠይቁ፤ የሚቀበል ከሆነ ኃይል ሲወርድም ብየዳው ቶሎ አይቋረጥም።

ቀጥሎ ጀርባው ላይ ያለውን ሰሌዳ ያንብቡ። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር (ከባዱ የድሮ ዓይነት ማሽን) በእኛ 50 ኸርዝ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ኢንቨርተር (በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራው ቀለል ያለ ማሽን) ግን ይህ አያስቸግረውም። ከመስመር የሚስበው አምፔርም ከሶኬትዎና ከብሬከርዎ አቅም መብለጥ የለበትም።

ሻጭ ሁልጊዜ የሚያሞግሰው ከፍተኛውን አምፔር ነው። እርስዎ ዝቅተኛውን ይጠይቁ! የመኪና ላሜራ ውፍረት በአብዛኛው ከ0.7 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ በቀላሉ ይበሳዋል። እስከ 30 አምፔር የሚወርድና 0.6 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ የሚጎትት ማሽን ይሻላል። በኤሌክትሮድ የሚሠራው ለሻንሲና ለወፍራም ብረት ይሁን። ሽቦ የሚጎትተው ማሽን ብየዳውን ከአየር የሚከላከል ጋዝ ይፈልጋል፤ ጋዙን የሚሞላልዎት በአቅራቢያ ከሌለ ያለ ጋዝ የሚሠራውን ሽቦ መጠቀም ይቻላል፤ ለዚህ ግን የማሽኑ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሚቀያየሩ መሆን አለባቸው።

የድሬዳዋን ሙቀት ለሚያውቅ ትልቁ ጥያቄ የእረፍት ጊዜ ነው። «160 አምፔር፣ 30 በመቶ» ማለት ከ10 ደቂቃ 3ቱን በይዶ 7ቱን ማሳረፍ ነው። ዓለም አቀፉ መስፈርት ይህን የሚለካው በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ አንዳንድ ርካሽ ማሽኖች ግን በ20 ወይም በ25 ዲግሪ የተለካ ቁጥር ይጽፋሉ። በግንቦት ቀትር እንዲህ ያለው ማሽን ከተጻፈለት በጣም ቀድሞ ይቆማል። ስለዚህ ቁጥሩ በስንት ዲግሪ እንደተለካ ሳይረጋገጥልዎ ገንዘብ አያውጡ።

በመጨረሻ ሁለት ቁራጭ የመኪና ላሜራ ይዘው ወደ ሱቁ ይሂዱና በዝቅተኛው አምፔር እዚያው ያስበይዱ። ከተበሳ ሌላ ማሽን ይጠይቁ።