ባለ ብዙ ሞተር ሞዴል አውሮፕላን ላይ የሽቦ ብልሽት እንዴት ይፈለጋል?

ሁለት ወይም አራት ሞተር የገጠመ ሰው አንደኛው ሞተር ዞሮ ሌላው ዝም ሲልበት አስቀድሞ የሚጠረጥረው ሞተሩን ነው። ሆኖም ብሩሽ የሌለው ሞተር በቀላሉ የሚበላሽ ዕቃ ስላልሆነ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የሚገኘው በስታኞው፣ በመሰኪያው ወይም ወደ ሪሲቨሩ (የሪሞቱን ምልክት ወደሚቀበለው ዕቃ) በምትሄደው ቀጭን ቀይ ሽቦ ላይ ነው። መለዋወጫው ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ከመግዛት በፊት በቅደም ተከተል መፈተሽ ይገባል።

ከሁሉ በፊት ፕሮፔለሮቹን በሙሉ ይፍቱ። በፍተሻ ላይ ሞተር ሳይታሰብ ሊነሣ ስለሚችል፣ ይህን እርምጃ የሚዘል ሰው በጣቱ ይፈርዳል።

ቀጥሎ ባትሪው ሳይሰካ፣ በአውሮፕላኑ በኩል ባለው የባትሪ መሰኪያ ላይ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ አለመገናኘታቸውን በቴስተር ያረጋግጡ፤ ቴስተሩ ለአፍታ ጮኾ ዝም ካለ ካፓሲተሮቹ ቻርጅ እየሆኑ ነው፣ ሳያቋርጥ ከጮኸ ግን ሾርት አለ። የተበየደውን ሁሉ አንድ በአንድ ይመልከቱ። ጥሩ ስታኞ ያብረቀርቃል፣ ሽቦውንም ዘልቆ ይይዛል፤ የፈዘዘና እንደ አሸዋ የሻከረ ከሆነ ወይም ሽቦው ሲነካ ከተነቃነቀ በካውያ እንደገና ይሥሩት። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳማና ነፋሻማ ቦታ ወፍራም ሽቦን ደጅ ላይ መበየድ እንዲህ ያለውን ደካማ መጋጠሚያ ስለሚያበዛ፣ በር ዘግቶ ቤት ውስጥ መሥራት ይሻላል።

ባለ 3 ሴል ባትሪ ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰኩ በአንደኛው መስመር ላይ ባለ 12 ቮልት የመኪና አምፖል በመሐል ያስገቡ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ችግር የለም፤ በርቶ ከቀረ ወዲያው ይንቀሉ።

ብዙዎችን የሚያደናግረው ግን ቀይዋ ሽቦ ናት። አብዛኞቹ የፍጥነት መቆጣጠሪያዎች (በባትሪውና በሞተሩ መካከል ሆነው የሞተሩን ፍጥነት የሚወስኑት ዕቃዎች) ለሪሲቨሩና ክንፉንና ጭራውን ለሚያንቀሳቅሱት ሰርቮዎች 5 ቮልት ገደማ የሚሰጥ ክፍል በውስጣቸው አላቸው። ሁለት ወይም አራት መቆጣጠሪያ በአንድ ሪሲቨር ላይ ሲሰካ እነዚህ ክፍሎች እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ በተለይ ስዊቺንግ የሚባሉት ዓይነቶች ሊግሉና ሊቃጠሉ፣ ሪሲቨሩንም በአየር ላይ ሊያጠፉት ይችላሉ። መፍትሔው የአንዱን ቀይ ሽቦ ብቻ ትቶ የሌሎቹን ማውጣት ነው። ሽቦውን መቁረጥ አያስፈልግም፤ የመሰኪያውን ትንሽ የላስቲክ ምላስ በመርፌ ጫፍ ቀና አድርገው ፒኑን ይሳቡና በናስትሮ ጠቅልለው ያስሩት። ጥቁሩና የምልክቱ ሽቦ ግን አይነኩም። ለሪሲቨሩ ለብቻው የኃይል ምንጭ ካለ የሁሉም ቀይ ይወጣል።

አሁን ሪሲቨሩ ኃይል ማግኘቱን አረጋግጠው አንድ መቆጣጠሪያና አንድ ሞተር ብቻ ሰክተው ይሞክሩ። ዝም ያለውን ሞተር በሚሠራው መቆጣጠሪያ ላይ ሲያዛውሩት ከዞረ፣ ጥፋቱ ያለው በቀድሞው መቆጣጠሪያ ወይም በምልክት ገመዱ ነው፤ እዚያም ካልዞረ ጥፋቱ የሞተሩ ነው። ባዛወሩ ቁጥር ባትሪውን ይንቀሉ፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜም አይለውጡ፣ አለበለዚያ የቱ እንደፈታው አይታወቅም። ሞተሩ ሳይዞር ከተንቀጠቀጠ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን ከመቆጣጠሪያው ከሚያገናኙት ሦስት ሽቦዎች አንዱ አልያዘም ማለት ነው። በተቃራኒው ከዞረ ከሦስቱ ማናቸውንም ሁለቱን ማለዋወጥ ይበቃል። በባትሪው በኩል ግን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭን ማለዋወጥ መቆጣጠሪያውን በቅጽበት ያቃጥለዋል።

ሁሉም ዞረው አንዱ ቀድሞ የሚነሣ ከሆነ መቆጣጠሪያዎቹን ካሊብሬት ያድርጓቸው (የሪሞቱን ዝቅተኛና ከፍተኛ ምልክት ያስለምዷቸው)፦ በብዙዎቹ መቆጣጠሪያዎች ላይ የሪሞቱን ስሮትል (የሞተሩን ኃይል መጨመሪያ) እስከ ላይ ሰቅሎ ባትሪውን መሰካት፣ ድምፁ ሲሰማ ደግሞ እስከ ታች ማውረድ ነው።

ሽቦ ማስረዘም ካስፈለገ በሞተሩና በመቆጣጠሪያው መካከል ያለው ይርዘም እንጂ የባትሪው አይርዘም፤ ረጅም የባትሪ ሽቦ የቮልቴጅ ንረት እየፈጠረ የመቆጣጠሪያውን ካፓሲተሮች ይጎዳል።

በመጨረሻ ፕሮፔለሩን ገጥመው፣ አውሮፕላኑን አጥብቀው አስረው፣ ከፕሮፔለሩ ፊት ገለል ብለው በሙሉ ስሮትል የሚስበውን አምፔር ይለኩ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ፕሮፔለሩም ይቀልለዋል። ያው አውሮፕላን ጣርማበርን አልፎ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ሲወርድ አየሩ ስለሚወፍር ሞተሩ የበለጠ ይስባል፤ ደጋ ላይ 27 አምፔር የሳበ ሞተር እዚያ ባለ 30 አምፔር መቆጣጠሪያውን ጣሪያ ሊያስነካው ስለሚችል፣ ከመብረር በፊት እንደገና መለካት ወይም አነስ ያለ ፕሮፔለር መግጠም ያስፈልጋል።