ወጣት የመብራት ዲዛይነሮችን በሥራ ላይ እንዴት ማብቃት ይቻላል?

በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ የሕንፃዎች የምሽት ገጽታ የብዙዎችን ትኩረት ስቧል። ያም ሆኖ በአብዛኛው ፕሮጀክት ላይ የመብራት ዲዛይን የሚሠራው በኤሌክትሪክ ሥዕሉ ጥግ፣ ያውም በመጨረሻው ሰዓት ነው። ስለዚህም ከአርክቴክቸር ወይም ከኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቆ በዚህ ሙያ መሰማራት የሚፈልግ ወጣት ዋናውን ትምህርት የሚያገኘው ከሚቀጠርበት ቢሮ ነው። የሚከተለው ምክር ለቢሮ ባለቤቶችና ልምድ ላላቸው ባለሙያዎች የቀረበ ነው።

የመብራት መጠንን በኮምፒውተር የሚያሰላው ዲያሉክስ ያለ ክፍያ የሚገኝ ፕሮግራም በመሆኑ ብዙ ወጣቶች ለምደውት ይመጣሉ። የሚጎድላቸው ግን 500 ላክስ (ላክስ በአንድ ገጽ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው) በዓይን ሲታይ ምን እንደሚመስል ማወቅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላክስ ሜትር ሰጥተው የራስዎን ቢሮ ያስለኩ። ልኬቱ ከመሸ በኋላ ይወሰዳል፤ በቅድሚያ መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ ከውጭ የሚገባው ብርሃን ይመዘገባል፣ ቀጥሎ መብራቶቹ በርተው ጥቂት ከቆዩ በኋላ የመሣሪያው መቀበያ በጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ የለኪው ጥላ ሳያርፍበት፣ በየግማሽ ሜትሩ ይነበባል። የአውሮፓው መመዘኛ ኢኤን 12464-1 ለንባብና ለጽሕፈት ሥራ 500 ላክስ፣ ለመተላለፊያ ደግሞ 100 ላክስ ስለሚጠይቅ፣ ወጣቱ እነዚህን ቁጥሮች ከሚያውቃቸው ክፍሎች ጋር አያይዞ ይይዛቸዋል።

ከዚያም ያንኑ ክፍል በዲያሉክስ እንዲያሰላው ያድርጉ። በስሌቱና በልኬቱ መካከል ልዩነት መኖሩ አይቀርም፤ ትልቁ ትምህርትም የሚገኘው ምክንያቱን ከመፈለግ ነው። ፕሮግራሙ ሌላ ካልተነገረው በቀር ኮርኒሱ 70፣ ግድግዳው 50፣ ወለሉ 20 በመቶ ብርሃን ያንጸባርቃሉ ብሎ ይነሣል። ግድግዳው በጠቆረ እንጨት ከተለበጠ ወይም ወለሉ ጥቁር ግራናይት ከሆነ ይህ ግምት ከእውነታው ይርቃል። ከዚህም በላይ ጠረጴዛው ላይ 500 ላክስ እየተነበበ ክፍሉ የጨለመ የሚመስልበት ጊዜ አለ፤ ዓይናችን የክፍሉን ብሩህነት በአብዛኛው የሚመዝነው ከፊቱ ባለው ግድግዳ እንጂ በአግድም ገጽ ላይ በሚያርፈው ብርሃን አይደለምና። ይህን በራሱ ልኬት የደረሰበት ወጣት ቁጥር ስለሞላ ብቻ ሥራው አልቋል አይልም።

ሌላው ጠቃሚ ልምምድ የእጅ ባትሪና ግድግዳ ብቻ ይፈልጋል። በጥርብ ድንጋይ የተለበጠ ግድግዳ ዘንድ ማታ ይውሰዱትና ባትሪውን ከግድግዳው አጠገብ አድርጎ ወደ ላይ ያብራ፤ እያንዳንዱ የድንጋይ ጉብታ ረጅም ጥላ ይጥላል። አንድ ሜትር ያህል ርቆ ሲያበራ ጥላው ይጠፋና ገጹ ለጥ ያለ ይመስላል። ይህንኑ በተለሰነ ግድግዳ ላይ ሲደግመው፣ ቀን ላይ የማይታይ የልስን ጉድለት ሁሉ ሲጋለጥ ያያል። የፊት ገጽታ መብራት ከግድግዳው ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ለውይይት የጋራ ቋንቋ ካስፈለገ፣ አሜሪካዊው ዲዛይነር ሪቻርድ ኬሊ ብርሃንን አካባቢን የሚሞላ፣ አንድን ነገር ለይቶ የሚያሳይ እና ራሱ የሚያብለጨልጭ ብሎ በሦስት የከፈለበት መንገድ ዛሬም ያገለግላል።

ከልምምዱ ቀጥሎ አንድ ትንሽ ቦታ፣ ለምሳሌ የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ፣ ከመጀመሪያው ንድፍ እስከ ርክክብ ድረስ ይስጡት። አሥር ፕሮጀክት ላይ ካታሎግ ከመገልበጥ ይህ ይበልጣል። ተቋራጩ «ተመጣጣኝ ነው» ብሎ ሌላ ዕቃ ሲያቀርብ የሉመን መጠኑን (መብራቱ የሚያመነጨውን ጠቅላላ ብርሃን)፣ የጨረሩን ስፋት፣ የቀለም ሙቀቱን በኬልቪን፣ ቀለምን አስመስሎ የማሳየት አቅሙንና የድራይቨሩን (ለኤልኢዲው ተስማሚ ኃይል የሚመግበውን መሣሪያ) ዓይነት ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ በጽሑፍ እንዲመልስ ያሠልጥኑት፤ ናሙና በርቶ ሳይታይም ፈቃድ አይስጥ። የኃይል መዋዠቅ ባለበት አገር ድራይቨር መቃጠሉ ስለማይቀር፣ ኮርኒሱ ሳይፈርስ እጅ የሚደርስበት ቦታ መሆኑን በሥዕሉ ላይ ማረጋገጥ የእርሱ ኃላፊነት ይሁን። ስፖት ላይቶቹ አቅጣጫ በሚያዙበት ምሽትም መሰላሉ ሥር ቆሞ ትእዛዝ የሚሰጠው እርሱ ይሁን፤ እርስዎ አጠገቡ ይቁሙ እንጂ አይቅደሙት።

ከሻጮች ጋር ስላለው ግንኙነት ገና ከጅምሩ በግልጽ ይነጋገሩ። ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት በነጻ የሚያቀርበው ዲዛይን ዋጋው ዕቃው ውስጥ ነው፤ ወጣቱ ኮሚሽን መቀበልን ከለመደ ደግሞ ምክሩን ማንም አያምነውም። ይህን የሚጠይቅ ቢሮ ግን በቂ ደመወዝ መክፈልና የመብራት ዲዛይኑን በውሉ ውስጥ ራሱን የቻለ ክፍያ ያለው ሥራ አድርጎ ማስፈር አለበት።

ትምህርቱን መቀጠል ለሚሻ በስቶክሆልም ኬቲኤች፣ በለንደን ዩሲኤል እና በጀርመን ቪስማር ዩኒቨርሲቲዎች በዘርፉ የማስተርስ ፕሮግራሞች አሉ። የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቅዎ «ታታሪ ነው» ብቻ ብለው አያልፉት፤ የትኛውን ክፍል ራሱ እንዳሰላ፣ የትኛውን ናሙና እንደመረጠና በሳይት ላይ ምን እንዳስተካከለ ይጻፉለት። ባለቤቱ እስከፈቀደ ድረስ የተጠናቀቀውን ሥራ ፎቶ እንዲያነሣ ይፍቀዱለት፤ ስሙም በሥዕሉ ርእስ ሳጥን ውስጥ ከእርስዎ ስም ጋር ይግባ።