ጦሳ ላይ ኮከብ ልታዩ ከወጣችሁ እነዚህን የአለባበስ ስህተቶች አትሥሩ

መጀመሪያ ከደሴ በላይ ባለው የጦሳ ተራራ ላይ ኮከብ ለማየት የወጣሁት ታኅሣሥ ላይ ነው። ተወርዋሪ ኮከቦች በብዛት የሚታዩት በየዓመቱ ታኅሣሥ 4 እና 5 አካባቢ ስለሆነ ቀኑን ጠብቄ ነበር። ከኮምቦልቻ ስነሳ ቲሸርትና ስስ ጃኬት ነበር የለበስኩት። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ግን ገና ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሳይሞላ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ወደ ደሴ ወረድኩ፣ ዋናው ትዕይንት ደግሞ ከዚያ በኋላ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

የመጀመሪያው ስህተት የቀኑን ሙቀት አምኖ መልበስ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች፣ ጦሳ ደግሞ ከደሴም በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። ከላሊበላ ተነስታችሁ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ለማደር ካሰባችሁማ ከ4,000 ሜትር በላይ ነውና ሌላ ዓለም ነው። በዚያ ላይ ደመና ለመሬት ብርድ ልብስ ማለት ነው። ደመና ከሌለ መሬቱ ቀን የሰበሰበው ሙቀት ወደ ሰማይ ያመልጣል፣ ስለዚህ ለኮከብ የሚመረጠው ሌሊት ራሱ ብርዱ የሚከፋበት ሌሊት ነው። ባቄላው በውርጭ የተመታበት የደላንታ ገበሬ ይህን ከማናችንም በላይ ያውቀዋል።

ሁለተኛው፣ ለመንገዱ ለብሶ ለመቀመጡ አለመልበስ ነው። ዳገቱን ስትወጡ ይሞቃችኋል፣ ያልባችኋል። ከዚያ ሦስት አራት ሰዓት ሳትንቀሳቀሱ ቁጭ ትላላችሁ። ያ ላብ ነው ጉድ የሚሠራችሁ። ስትወጡ ቀለል አድርጋችሁ ልበሱ፣ ደረቅ ካናቴራ በቦርሳ ያዙ፣ ልክ እንደደረሳችሁ ቀይሩ። ሹራቡን መደረብ ከዚያ በኋላ ነው፣ ብርዱ አጥንት ውስጥ ከገባ ወዲያ ቢደርቡት ቶሎ አያሞቅም።

ጋቢን ብቻ መተማመንም ስህተት ነው። ይህን ስል ቅር የሚላችሁ ትኖራላችሁ፣ እኔም ጋቢ እወዳለሁ። ግን ጋቢ ጥጥ ነው፣ ንፋስ ያሳልፋል፣ ሊነጋጋ ሲል ጤዛ ሲወርድበት ደግሞ ይረጥባል፣ የረጠበ ጥጥ አያሞቅም። ከሥር ሹራብ፣ ከሹራቡ በላይ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ጋቢውን ደግሞ ከሁሉም በላይ አድርጉት። ቤት ውስጥ የሱፍ ባና ካለ ግን እሱን ያዙ። ሱፍ ትንሽ ቢረጥብም ሙቀት ይይዛል።

መሬቱን መርሳት የሚባለውን ስህተት ያረመኝ ጦሳ ላይ የባሕር ዛፍ የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው። ድንጋይ ላይ ተኮራምቼ ሲያየኝ የራሱን አጎዛ አንጥፎ "ልጄ፣ ብርዱ ከላይ አይደለም የሚገባህ፣ ከመቀመጫህ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ድንጋይና መሬት ሙቀታችሁን እየመጠጡ ነው የሚያድሩት። ጋደም ብላችሁ የምታዩ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። አጎዛ ባይኖር ወፍራም ስፖንጅ ወይም የታጠፈ ካርቶን አንጥፉ።

እግር ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገው ካልሲ ደራርቦ በጠባብ ጫማ ማጨቅ ነው። ደም በደንብ ካልተዘዋወረ እግር ይደነዝዛል። አንድ ወፍራም ካልሲና ሰፋ ያለ ጫማ ይበቃል። ሸራ ጫማ ግን ተዉት፣ በጤዛ ሣር ላይ አምስት ደቂቃ አይቆይም። ኮፍያና ጓንትም አይረሱ፣ ባይኖክላር የምትይዙ ከሆነ ጣት እንደልብ የሚያንቀሳቅስ ጓንት ይሻላል።

አንዲት ነገር ደግሞ ኪስ ውስጥ ትግባ፦ ቀይ ፌስታል። ዓይን ጨለማውን በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ጓንት ፍለጋ የስልክ መብራት ካበራችሁ እንደገና ከዜሮ ነው። መብራቱን በፌስታሉ ደራርባችሁ ሸፍኑት፣ ቀይ ብርሃን ዓይን ላይ ያን ያህል አይከብድም። አረቄ ያሞቃል የሚላችሁንም አትስሙ፣ ቆዳን ያሞቅና የውስጡን ሙቀት ያስወጣል። ሻይ በፔርሙስ ያዙ።

ለጥር ስመለስ ባናም አጎዛም ይዤ ነበር። ሽማግሌው አየኝና "አብሽር፣ ዛሬስ ታድራለህ" አለኝ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ በደቡብ በኩል፣ ከተራሮቹ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የደቡብ መስቀል የሚባሉት አራቱም ኮከቦች ቀጥ ብለው ቆመው ነበር። ለሁለት ቁጭ ብለን፣ ባናውን እግራችን ላይ አልብሰን፣ እስኪነጋ አየናቸው።