ዲሽ ሲጠፋ ጦሳን ከመክሰስ በፊት ሰዓቱን እዩ

ደሴ ላይ ዲሽ እምቢ ባለ ቁጥር የጦሳ ተራራ ባልዋለበት ይከሰሳል። ዲሽ እንዳስተካክል የሚጠሩኝ ሰዎች «ተራራው ጋርዶት ነው» ይሉኛል። ኢትዮሳት፣ ማለትም የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ስብስብ፣ የሚተላለፍበት ሳተላይት ግን 57 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው፤ ከደሴ ሲታይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ወደ አናት ይጠጋል። ጦሳ ደግሞ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። ሊጠረጠር የሚችለው የግብፁን ሳተላይት ናይልሳትን ለሚፈልግ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ በምዕራብ በኩል ከአድማስ 35 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ስለሚል፣ ተራራው ሥር ያለ ቤት በተለይ ከኋላው ባሕር ዛፍ ካለ ሊጋረድበት ይችላል።

ስለዚህ መሰላል ከማቆሜ በፊት የምጠይቀው «መቼ ነው የሚጠፋው?» ብዬ ነው።

ጨርሶ ከጠፋ። ሪሲቨሩ የሚያሳያቸውን ሁለት መስመሮች እዩ፤ ስትሬንግዝ (የሲግናል ጉልበት) እና ኳሊቲ (የሲግናል ጥራት)። ስትሬንግዙ ዜሮ ከሆነ ጥፋቱ ኬብሉ ወይም ኤልኤንቢው (ከዲሹ ፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ) ላይ ነው፤ የኬብሉን ጫፍ ማያያዣ ኮኔክተሩን ፍቱት፣ መዳቡ አረንጓዴ ካወጣ ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩት። ስትሬንግዝ እያለ ኳሊቲው ዜሮ ከሆነ ዲሹ ሌላ ቦታ እያየ ነው።

ቤት ቀይረው የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ የገቡ ሰዎች «የደሴው ልክ እዚህ አይሠራም» ይላሉ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የማዕዘን ልዩነት ግማሽ ዲግሪ አይሞላም። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ዲሹ የቆመበት ዘንግ ጋ ነው፤ ካዘመመ ዲሹ ላይ የተጻፈው ዲግሪ ሁሉ ውሸት ይሆናል። ውሃ ልክ ይዛችሁ በሁለት በኩል ለኩት።

ዝናብ ሲመጣ ከጠፋ። የሐምሌና የነሐሴ ስልኬ ሁሉ ይሄ ነው። ዲሹ የሚቀበለው ሞገድ ርዝመት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ትልልቅ የዝናብ ጠብታ ይመጠዋል፣ ይበትነዋል። ጉም ግን የለበትም፤ ጠብታው በጣም ደቃቅ ነው። ዶፍ ሲጥል ጠፍቶ ሲያባራ ከተመለሰ አትንኩት። በካፊያ የሚጠፋ ከሆነ ግን መጀመሪያውኑ በደንብ አልተስተካከለም ማለት ነው።

እዚህ ላይ እኔም ጥፋተኛ ነበርኩ። ስጀምር ምስል እንደመጣ ብሎኑን አጥብቄ እወርድ ነበር። ዲጂታል ምስል ደግሞ አታላይ ነው፤ ሲግናሉ አፋፍ ላይ ቢሆንም ጥርት ብሎ ይታያል፣ ትንሽ ሲቀነስበት በአንዴ ይቆማል። የድሮው አናሎግ ቢሆን ቀድሞ በረዶ የመሰለ ነጠብጣብ እያሳየ ያስጠነቅቅ ነበር። አሁን በጠራ ቀን፣ ኳሊቲው ከፍ ብሎ መልሶ መውረድ እስኪጀምር ገፋ አደርገውና ወደ ከፍተኛው እመልሰዋለሁ። ኤልኤንቢውንም በቦታው ትንሽ ማዞር ነው። ዝናብ ካባራ በኋላም እስከ እኩለ ቀን የማይመለስ ከሆነ፣ ኤልኤንቢው ወይም ኮኔክተሩ ውስጥ ውሃ ገብቷል።

በመስቀል ሰሞን፣ ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ ከጠፋ። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አደይ አበባው ፈክቶ፣ ምስሉ ለጥቂት ደቂቃ ይሄዳል። በማግሥቱም በዚያው ሰዓት። ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ስታልፍ የራሷ ሞገድ ሲግናሉን ይውጠዋል። በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንትም ይደገማል። መፍትሄው አለመንካት ነው፤ በዚያች ደቂቃ ዲሹን የሚያዞር ሰው ደህናውን ያበላሻል።

ኢንተርኔቱ ከሳተላይት ሆኖ ሁሌም ከዘገየ። ፋይል በደንብ ይወርዳል፣ በቪዲዮ ስታወሩ ግን ንግግር ትሻማላችሁ። ቋሚው፣ ማለትም ሰማይ ላይ አንድ ቦታ ቆሞ የሚታየው ሳተላይት፣ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ ሲግናሉ ወጥቶ ለመውረድ ብቻ ሩብ ሰከንድ፣ ጥያቄና መልሱ አንድ ላይ ግማሽ ሰከንድ ይፈጃሉ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ደንበኛዬ ለዚህ ሁለት ጊዜ ዲሽ አስተካክሎ ከፍሏል። ዲሽ ማተለቅም ሆነ ፍጥነት መጨመር ርቀቱን አያሳጥርም። የሚያሳጥረው 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚዞሩት ዝቅተኛ ሳተላይቶች አገልግሎት ነው፤ ካልሆነ ለስብሰባው ሞባይል ዳታ ተጠቀሙ፣ ሳተላይቱን ለፋይል ተዉት።