ባህር ዳር ዳር ላይ ጸጥ ያለ ሰፈር ቤት ስትፈልጉ እንዴት ታያላችሁ

መሃል ከተማ ሙቀቱም ጫጫታውም ኪራዩም ሲሰለቻችሁ ወደ ዳር ልውጣ ማለታችሁ አይቀርም፣ ዘንዘልማ በሉት ሰባታሚት በሉት መሸንቲ መስመር። እኔ ጥቅምት ላይ አንድ ቤት አየሁ፣ ከአጥሩ ጀርባ ጤፉ አሽቷል፣ ከወፍ ሌላ ድምፅ የለም፣ እዛው ቀብድ ከፈልኩ። ሐምሌ ሲመጣ ባጃጁ ሁሉ «እዛ አልገባም» እያለ አስፋልት ላይ ጥሎኝ ይሄዳል፣ ጫማዬን በፌስታል ይዤ በቦቲ ጭቃ ስረግጥ ከረምኩ። በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. መንገዱን። ከአስፋልት እስከ ግቢው በር በእግራችሁ ሂዱበት፣ ሰዓት ያዙ፣ የደላላ «አምስት ደቂቃ» በሞተር ነው። ከተቻለ ዝናብ በዘነበ ማግስት ሂዱ፣ በጋ ከሆነ ደግሞ መሬቱን እዩ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካለው ዋልካ ነው። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም ይዞት ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ በርና መስኮት ጥግ ላይ በሰያፍ የወረደ ስንጥቅ ፈልጉ፣ አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባማ የባሰ ጠርጥሩ።

2. ትራንስፖርት። ማታ 1 ሰዓት ላይ ከመሃል ከተማ ተነስታችሁ እንደ ነዋሪ ሁናችሁ ሞክሩት። በሰው የሚጭን ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት አለ፣ ከዛ በኋላ ኮንትራት ስንት ይላችኋል፣ በወር አስሉት፣ ከኪራይ ያተረፋችሁትን ባጃጅ ከበላው ምን ዋጋ አለው። ዘንዘልማ የጎንደር መንገድ ላይ ሁኖ የዩኒቨርሲቲው የግብርና ግቢም ስላለ ሰው አይጠፋበትም፣ 380 ሜትሩ አዲሱ የአባይ ድልድይም በ2016 ከተከፈተ ወዲህ ያ በኩል ቀሎታል (አባይን ከተሻገርክ ጎጃም አይደለህም የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፣ እሱን ከነሱ ጋር ጨርሱ)።

3. ውሃና መብራት። ቧንቧ አለ ሲሏችሁ በሳምንት ስንት ቀን በሉ፣ መልሱን ከአከራዩ ሳይሆን ከሱቁ ልጅ ስሙ። 4 ሰው በቀን 40 40 ሊትር ቢጠቀም 1000 ሊትር ሮቶ 6 ቀን ነው የሚያቆያችሁ፣ ያ ሮቶ ሲሞላ አንድ ቶን ስለሚመዝን ማስቀመጫውን በእጃችሁ ነቅንቁት። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ክፍያው እንዴት እንደሚካፈል ቀድሞ ይወራ። አጎበርም ያዙ፣ ከክረምት መውጫ እስከ ታህሳስ ወባው አይምርም።

4. ጸጥታው። እሁድ ከሰዓት የታየ ቤት ሁሉ ጸጥ ያለ ነው፣ ማክሰኞ ሂዱ፣ ወፍጮና ብየዳ ቤት ያኔ ነው የሚሰማው። የሌሊቱን ማሕሌት ድምፅ ማጉያ አልቆጥረውም፣ እሱ የሚረብሸው ሰው ጎጃም ምን ይሰራል። ጅብም ይጮሃል፣ ይለመዳል።

5. ወረቀት። የምትገዙ ከሆነ ካርታውን ይዛችሁ ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ ሳታረጋግጡ ብር እንዳትሰጡ፣ ዳር ላይ ጨረቃ ቤት ብዙ ነው። ለኪራይ ደግሞ አዋጅ 1320/2016 ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይላል፣ የትኛው ከተማ ላይ እንደሚሰራ የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ ቀበሌ ጠይቁ።

6. ጎረቤት፣ ይሄን ከቀብድ በፊት አድርጉት። እኔ እቃ ካስገባሁ በኋላ ነው እድር ልመዝገብ ብዬ ጎረቤት ያሉ እማማ ጋ ቡና የጠጣሁት፣ ሁለተኛውን እየቀዱ ቀና ብለው አዩኝና «አየ ልጄ፣ ለመሆኑ ቦቲ ገዝተሃል?» አሉኝ።