የሰርቨር ኮንፊግ ማን እንደነካው ለማወቅ፣ በመጨረሻ ተፈታ

እዚህ ጎንደር ፒያሳ ያለው ቢሯችን ሰርቨር ላይ ሩት (ሁሉንም የመቀየር ሙሉ ፈቃድ) ያለን ብዙ ነን፣ ዌብ ሰርቨሩ ኤንጂንኤክስ በድንገት አልነሳ ይላል ማን ምን እንደቀየረ ግን አይታወቅም፣ በጣም ነበር የሚያደክመው። አሁን ኢትሲኪፐር የሚባል ፕሮግራም ጫንኩበት፣ ኡቡንቱ ላይ በፕሮግራም መጫኛው በአፕት ይገባል፣ ኮንፊግ ፋይሎቹ ያሉበትን ኢቲሲ ፎልደር እንዳለ የጊት ሪፖ (የለውጥ ታሪክ የሚይዝ ማከማቻ) ያደርገዋል። ደስ የሚለው ፓኬጅ ስትጭኑ ከመጫኑ በፊትም በኋላም ራሱ ኮሚት ያደርጋል (ለውጡን ይመዘግባል)፣ በእጅ የተነካውን ደግሞ በቀን አንዴ ይይዘዋል፣ በሱዶ (ከራስ አካውንት በሩት ፈቃድ በማዘዝ) ራሳችሁ ኮሚት ካደረጋችሁ ስማችሁም ይመዘገባል። የፋይል ባለቤትና ፐርሚሽንም አይጠፋም። ትናንት እንደገና ሲቆም ጊት ዲፍ አልኩ (ምን እንደተቀየረ ያሳያል)፣ ኤንጂንኤክስ ኮንፊግ ውስጥ ከሊስን 80 ቀጥሎ ያለችው ሴሚኮለን የለችም፣ መለስኳት ተነሳ። ብቻ እባካችሁ ሪፖውን ፐብሊክ ቦታ ፑሽ እንዳታደርጉት (እንዳትልኩት)፣ ሻዶው ፋይሉ ከነፓስወርድ ሃሹ (ወደ ኮድ የተቀየረው ፓስወርድ) አብሮ ይሄዳል!